ልጅ ወልዳችሁ ወደ ስራ የተመለሳችሁ፣ ለወላጅ የሚመች ቀጣሪ በምን ለያችሁ?

ሂሳቧ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። የተማርኩትም የሰራሁትም ሂሳብ ነው፣ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ስራ ለቅቄ ቤት ቀረሁ ከዛ ሁለተኛዋ ተከተለች፣ አሁን ትልቁ አራት አመቱ ነው ትንሿ ደሞ ስምንት ወሯ ናት ገና ትጠባለች። መመለስ እፈልጋለሁ፣ ለገንዘቡም ለራሴም።

የጨነቀኝ ስራ ማግኘቱ ብቻ አይደለም። በፊት የነበርኩበት ቢሮ ወልደው የሚመለሱ ሴቶች ምን እንደሚሆኑ አይቻለሁ። ደንቡን ብታነቡት ምንም አይወጣለትም፣ ግን ልጇ ታሞባት ተደውሎላት ቦርሳዋን ስታነሳ አለቃችን ምንም ሳይናገር ሰዓቱን ያይ ነበር፣ በቃ እሱ ይበቃል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የደወለውን ስልክ ሳታነሳ ትቀራለች። እዛ አይነት ቦታ ድጋሚ መግባት አልፈልግም።

ስለዚህ ከመግባቴ በፊት በምን ላውቅ እችላለሁ? ኢንተርቪው ላይ ልጆች እንዳሉኝ ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ሲቪዬ ላይ ያለው ክፍተትስ ምን ይባላል? ሁለት ቦታ ተጠርቻለሁ፣ አንዱ ትልቅ ድርጅት ነው ማስታወቂያው ላይ ለቤተሰብ ምቹ የስራ ቦታ ብሎ ጽፏል፣ ሌላው ሰባት ስምንት ሰው ያለበት ትንሽ ቢሮ ነው ስለቤተሰብ ያለው ነገር የለም። ልቤ ወደ ትልቁ ነው ግን እስቲ ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

የድሮ ኤችአር፦
እህቴ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ኤችአር ውስጥ ብዙ ሰርቼ አሁን ወጥቻለሁና በነጻነት ልንገርሽ። "ለቤተሰብ ምቹ" የሚለውን ጽሁፍ የምንጽፈው እኛ ነበርን፣ አንቺን በየቀኑ የምታዝሽ ሴትዮ ወይ የሚያዝሽ ሰውዬ አይደሉም፣ አንዳንዶቹ አንብበውትም አያውቁም። አንድ ህንጻ ውስጥ አንዱ ክፍል ለወላጅ በጣም የሚመች ሆኖ አንድ ፎቅ ከፍ ስትይ ሰው የሚያለቅስበት ክፍል ታገኛለሽ፣ ደንቡ ያው አንድ ደንብ ነው። ስለዚህ ስለ ድርጅቱ ብዙ አትድከሚ፣ የቅርብ አለቃሽ ማን እንደሆነ እወቂ። ኢንተርቪው ላይ ከሌለ ከመፈረሜ በፊት ላገኘው እችላለሁ ወይ በይ። አይቻልም ካሉሽ መልስሽን አግኝተሻል።

ስትጠይቂ ደሞ "እናቶች ላይ እንዴት ናችሁ" አትበይ፣ እኛ እናት አንወድም የሚል ሰው የት አለ። የሆነ ነገር ነው የሚጠየቀው። እንደዚህ በይ፦ ከቡድኑ አንድ ሰው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ጉዳይ ገጥሞት ቢወጣ ስራው እንዴት ይቀጥላል፣ በቅርብ ያጋጠመ ካለ ቢነግሩኝ። እዚህ ውስጥ ልጅ የሚል ቃል የለም ልብ በይ። እውነት የሚኖሩበት ከሆነ ሳያስብ ነው የሚመልስልሽ፣ ባለፈው እገሌ እንዲህ ሆኖ እገሊት ሸፈነችለት ምናምን ብሎ ያወራል። የማይኖሩበት ከሆነ "እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን" ይልሻል። እንደ ቤተሰብ ነን የሚል ቦታ እሁድም ይደውላል 😅

ሌላው ወልደው የተመለሱ ሴቶች አመት ቆዩ ወይ ነው። ፈቃዱን መስጠት ግዴታቸው ነው፣ በሱ አትደነቂ። ተመልሳ ቆየች ወይ፣ እድገት አገኘች ወይ፣ ወይስ ስትመለስ ወንበሯ ሌላ ሰው ተቀምጦበት እሷን "ለጊዜው" የሆነ ጥግ አስቀመጧት። ይሄንን ከኤችአር አታገኚውም፣ ሊንክድኢን ላይ እዛ ሰርታ የወጣች ሴት ፈልገሽ ጻፊላት። የወጣ ሰው ያወራል እኔን ነው ምታዪው 😄

ማስታወቂያው ላይ "ተለዋዋጭ የስራ ሰዓት" የሚል ካየሽ ደሞ ለማን ነው የሚለዋወጠው ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ቦታ ሰዓቱን የሚለዋውጠው ቀጣሪው ነው፣ አንቺ ማታ ነው ነገ የምትገቢበትን የምታውቂው።

ነጭ ጋውን፦
የኤችአሯ ምክር ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ አለቃ ይቀየራል። ጥሩ አለቃ ብለሽ ገብተሽ በስድስት ወሩ ሌላ ሰው ይመጣል። እኔ የማየው ስራው ራሱ እንዴት እንደተደራጀ ነው።

ፋርማሲስት ነኝ። የታካሚው መረጃ ሲስተም ላይ አለ፣ መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፣ እኔ ብወጣ ሌላዋ ፋርማሲስት ካቆምኩበት ትቀጥላለች ታካሚውም ብዙ ልዩነት አያየውም። ልጄ ታማብኝ ስወጣ ማንንም መለመን የሌለብኝ አለቃዬ መልአክ ስለሆነች አይደለም፣ ስራው እኔ ላይ ብቻ ስላልተንጠለጠለ ነው። 2023 ላይ የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ክላውዲያ ጎልዲን ይሄን ነገር በደንብ አጥንታዋለች፣ ካትዝ ከሚባል ሌላ ኢኮኖሚስት ጋር ሆና በተለይ የፋርማሲን ሙያ። በፊት ፋርማሲስቱ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ሙሉ ቀን ራሱ የሚቆምበት ስራ ነበር፣ በኋላ ትልልቅ ድርጅቶች እየገቡበት፣ መድኃኒቱ ፋብሪካ ተሰርቶ እየመጣ፣ መረጃው ኮምፒውተር ላይ እየሆነ ሲሄድ አንዱ ሌላውን መተካት ቻለ፣ የሴትና የወንድ የክፍያ ልዩነትም ከብዙ ሙያ ያነሰበት ስራ ሆነ። በተቃራኒው ደሞ ደንበኛው "እሷን ብቻ ነው የምፈልገው" የሚልበት፣ ማታም ቅዳሜም የሚደወልበት ስራ አለ፣ እዛ ረጅም ሰዓት ለሚቆይ ሰው ክፍያው ከሰዓቱ በላይ ይጨምራል፣ ልጅ ያላት ደሞ መጀመሪያ የምትወድቀው እዛ ላይ ነው። አሁን ያለው ልዩነት አብዛኛው በትምህርት ወይ በሙያ ምርጫ ሳይሆን አንድ አይነት ሙያ ውስጥ ባሉ ሰዎች መሃል፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጅ ሲመጣ ነው የሚፈጠረው ነው የምትለው።

ስለዚህ እኔ ብሆን የምጠይቀው፣ እኔ የምሰራውን ስራ ሌላ ማን ይችለዋል? ማንም ካሉሽ ደንባቸው ወርቅ ቢሆን ፈቃድሽን ስትወስጂ ስራው ጠረጴዛሽ ላይ ተቆልሎ ነው የሚጠብቅሽ።

የወር መዝጊያ፦
ሂሳብ ላይ ከሆነ እኔም ሂሳብ ነኝ፣ ከላይ ያለችው እህት ያለችው በእኛ ሙያ ምን ማለት እንደሆነ ልናገር። የእኛ ስራ ወሩን ሙሉ እኩል አይደለም። ወር መዝጊያ አለ፣ ግብር የሚታወጅበት ጊዜ አለ፣ አመት ሲዘጋ ኦዲተር ይመጣል። በነዚህ ቀናት ልጅሽ ብትታመም ምን ይሆናል ነው ጥያቄው፣ በሌላው ቀንማ ማንም ሂጂ ይልሻል። ወር ስትዘጉ ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ ብለሽ ጠይቂ፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽኑን፣ የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ ሂሳብ ጋር ማመሳከሩን ማለቴ ነው፣ ሁለት ሰው ይችለዋል ወይ፣ ሶፍትዌሩን ከቤት መክፈት ይቻላል ወይ ወይስ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ፓስወርዱ ማን ጋ ነው። አንድ ቦታ ፔይሮል የምትሰራው አንድ ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷ ወልዳ ተኝታ እንኳን ይደወልላት ነበር ደሞዝ እንዳይቆም። ጨካኞች ሆነው አይደለም ሌላ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ለሷ ግን ያው ነው።

ዝም በይ፦
ልጅ እንዳለሽ በፍጹም እንዳትናገሪ!! ስራው እስኪሰጥሽ ድረስ አንቺ ሂሳብ ሰራተኛ ነሽ በቃ። ሸሊ ኮረል የምትባል ሶሲዮሎጂስት ከሌሎች ጋር ሆና 2007 ላይ ያወጣችው ጥናት አለ፣ እኩል ብቃት ያላቸው ሲቪዎች ነው ለቀጣሪ የላኩት፣ ልዩነቱ አንዷ የተማሪ ወላጆች ማህበር ውስጥ እንዳለች የሚል ነገር ጣል ተደርጎበታል፣ እናት መሆኗ እንዲታወቅ ማለት ነው። እናቶቹ ልጅ ከሌላቸው ሴቶች ግማሽ ያህል እንኳን አልተጠሩም። አባቶቹስ? ምንም አልሆኑም። ይሄንን እያወቅሽ ለምን በራስሽ ላይ ትፈርጃለሽ

ፊት ለፊት፦
@ዝም በይ ጥናቱ ልክ ነው ግን እኮ እሷ የምትፈልገው ስራ ብቻ አይደለም፣ የሚመች ስራ ነው። ልጅ አለኝ ስላልሽ ብቻ የሚጥልሽ ቀጣሪ ከገባሽ በኋላ ምን ሊያደርግሽ ነው? እኔ ተናግሬ ነው የገባሁት፣ ያልፈለጉኝ አልጠሩኝም፣ የጠሩኝ እስካሁን አብረን ነን

ዝም በይ፦
አንቺ ምርጫ ነበረሽ ማለት ነው። የቤት ኪራይ የደረሰባት ሴት ማጣሪያ አታወጣም

የድሮ ኤችአር፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የሚለያያችሁ ሰዓቱ ነው። ሲቪ ላይ አይጻፍም፣ የመጀመሪያ ኢንተርቪው ላይም ሳትጠየቂ አይነሳም። ኦፈሩ ሲመጣ ግን፣ ከመፈረምሽ በፊት ማለት ነው፣ እዛ ላይ የምትፈልጊውን ሁሉ በግልጽ በይ። ያን ጊዜ እነሱ አንቺን መርጠው ሌሎቹን መልሰዋል፣ እንደገና ፍለጋ መጀመር ለማንም ደስ አይለውም፣ ከዛ የተሻለ አቅም የሚኖርሽ ቀን የለም። "በሳምንት ሁለት ቀን 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለብኝ፣ የቀረውን ማታ ከቤት እጨርሳለሁ" ብለሽ ቁርጥ አድርገሽ አቅርቢው። "ትንሽ ብትተባበሩኝ" የሚል ነገር እንዳታመጪ፣ ትንሽ ለሱ አስር ደቂቃ ነው ላንቺ አንድ ሰዓት ነው። ከተስማሙ ኮንትራቱ ላይ ይግባ፣ ካልሆነ ቢያንስ ኢሜይል አድርጊላቸውና እሺ ይበሉ፣ ነጭ ጋውን እንዳለችው አለቃ ይቀየራላ፣ ኢሜይሉ ግን ይቀራል።

ክፍተቱን በተመለከተ አንድ መስመር ይበቃል፣ ከዚህ እስከዚህ አመት በቤተሰብ ኃላፊነት ከስራ ውጪ፣ ከዛ በዛ መሃል የወሰድሽው ኮርስ ወይ ለሰው የሰራሽው ሂሳብ ካለ አስገቢ። ይቅርታ እንደመጠየቅ አታስመስይው፣ ጠያቂውም ቶሎ ያልፈዋል።

የልጅ አባት፦
ወንድ ነኝ ይቅርታ ገባሁባችሁ 😄 አንድ ነገር ብቻ። እኔ ያለሁበት ቦታ ለእናቶች ጥሩ መሆኑን ያወቅኩት ወንዶቹን አይቼ ነው። አባት የሆነ ሰው ልጄን ሃኪም ቤት ልወስድ ነው ብሎ ሲወጣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሴቶቹ ብቻ የሚወጡበት ቢሮ ከሆነ ግን ፈቃዱ የሴት ድክመት ተደርጎ ነው የሚቆጠረው፣ እድገት ሲመጣ ይታሰብባታል። የአለም የስራ ድርጅት እኮ 1981 ላይ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሰራተኞች ያወጣው ስምምነት አለ ቁጥር 156 የሚባለው፣ ለወንድም ለሴትም እኩል ነው፣ የቤተሰብ ኃላፊነት በራሱ ከስራ ማባረሪያ ምክንያት አይሆንም ይላል። ሀገራችሁ አጽድቃው ከሆነ እወቁት። ስለዚህ ሂሳቧ፣ እዛ ያሉ አባቶች የአባትነት ፈቃዳቸውን ይወስዳሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ፊት ለፊት፦
እና ወንድሜ የሂሳቧ ባል አለቃውን ይሄን ጥያቄ ጠይቆ ያውቃል? ሁሌ እሷ ናት የሚመች ቦታ የምትፈልገው እሱ የገባበት ይበቃዋል 🙄

የልጅ አባት፦
ልክ ነሽ። ሁለት ሰው እየተቀያየረ የሚወጣ ከሆነ እሷ ከቀጣሪዋ የምትፈልገው ነገር በግማሽ ይቀንሳል፣ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚጨረሰው እሱ ነው

ወተቷ፦
ሂሳቧ ትንሿ ትጠባለች ስላልሽ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ስራ ቦታ ወተት ማለብ ካሰብሽ የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል አለ ወይ ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ሽንት ቤት ክፍል አይደለም!! ፍሪጅም ያስፈልግሻል። የታለበ ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ያልበለጠ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ነው የሚቆየው፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ፍሪጅ ከሌለ በረዶ ያለው ቅዝቃዜ የሚይዝ ቦርሳ ይዘሽ መዋል ነው። ደሞ ሳይታለብ ከዋለ ጡትሽ ይደድራል፣ ወተቱም እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስብሰባ መሃል ተነስቼ ልውጣ ለማለት ታፍሪያለሽ እንጂ ሰውነትሽ ስብሰባ አያውቅም።

የአለም የስራ ድርጅት የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183፣ የ2000 ነው፣ የሚያጠቡ እናቶች በቀን አንድ ወይም ከዛ በላይ እረፍት ወይ የሰዓት ቅነሳ እንዲሰጣቸው ይላል፣ እሱም እንደ ስራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈላል። የወሊድ ፈቃዱም ቢያንስ 14 ሳምንት ነው፣ ስትመለሽም የነበርሽበት ቦታ ወይ በክፍያ እኩል የሆነ ቦታ ነው። ስምምነቱን ያጸደቁ ሀገሮች ላይ ነው የሚሰራው፣ ያላጸደቁትም ብዙዎቹ የራሳቸው ህግ አላቸው፣ ያንቺን ሀገር የአሰሪና ሰራተኛ ህግ አንብቢ፣ እንዳይመስልሽ ማታ ቁጭ ብለሽ የምትጨርሽው ነው። እኔ ኤችአራችንን ስጠይቃት እንዲህ አይነት ነገር የለንም አለችኝ፣ አንቀጹን ሳሳያት ክፍሉ በሳምንቱ ተገኘ 😂 ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ከዛ በፊት የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው።

ትንሽ ቢሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቀጣሪ ነኝ፣ ትንሽ ድርጅት ነው ያለኝ፣ የኛን ወገን ሰው ስላልተናገረ ልናገር። እህቴ ትንሹ ቢሮ ስለቤተሰብ ምንም አላለም ብለሽ አትተዪው፣ እኛ የጻፍነው ደንብ የለንም፣ ሰራተኛዬ ትመጣና እንዲህ ሆኛለሁ ትለኛለች እዛው እንነጋገራለን። ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው። መጥፎ ጎኑ ደሞ እውነቱን ለመናገር ሰው የለንም፣ አንድ ሰው ሲቀር ይታወቃል፣ እኔም አንዳንዴ ፊቴ ላይ ይታያል መሰለኝ። ትልቁ ድርጅት ተተኪ አለው፣ ትንሹ ጆሮ አለው።

ከወላጅ ሰራተኛ እኔ የምፈልገው አስቀድሞ ማወቅ ነው። 11 ሰዓት እወጣለሁ ብላ ሁሌ 11 ሰዓት የምትወጣ ሰው ለኔ አንዳንድ ቀን እስከ 2 ሰዓት ከምትቆይ አንዳንድ ቀን ደሞ ከምትጠፋ ትሻለኛለች። ኢንተርቪው ላይ የሕፃናት ማቆያው ካልተከፈተ ወይ ሞግዚቷ ከቀረች ማን ይይዛል የሚለውን አስበሽበት ብትመጪ፣ እኔ ባልጠይቅሽም ራስሽ ሙሉ ሆነሽ ነው የምታወሪው።

ወተቷ፦
@ትንሽ ቢሮ ወንዶቹን ስትቀጥር ሞግዚት ብትቀር ማን ይይዛል ብለህ ታስባለህ ግን?

ትንሽ ቢሮ፦
አላስብም እውነት ነው 🙈

ሂሳቧ፦
ሁላችሁንም ፈጣሪ ያክብራችሁ። ሁለቱም ጋ ሄጄ መጥቻለሁና እንዴት እንደነበረ ልጻፍላችሁ።

ትልቁ ጋ ሶስት ሰው ነበር፣ አንዳቸውም የቅርብ አለቃዬ አይሆኑም። 4 ሰዓት ላይ ሰው ቢወጣ የሚለውን ጠየቅኳቸው፣ ተያዩ፣ ከዛ አንደኛዋ ፖሊሲያችን ላይ በዝርዝር አለ አለች። አለቃዬን ላገኘው ወይ ስላቸው ከፈረምሽ በኋላ ታገኚዋለሽ አሉኝ። ወር መዝጊያ ላይ "እንደ ስራው ሁኔታ" ነው መልሳቸው። ክፍሉን ግን አሳዩኝ፣ የማጥቢያ ክፍል አላቸው፣ ንጹህ ነው ፍሪጅም አለው፣ ውስጡ ካርቶን ተደርድሯል 😐

ትንሹ ጋ ባለቤቷ ራሷ ናት ያናገረችኝ። ያንኑ ጥያቄ ስጠይቃት ሳቀችና ባለፈው ሳምንት እኔው ነኝ የወጣሁት አለችኝ፣ ማን እንደሸፈነላት ነገረችኝ። ግን ሂሳቡን የሚችል ሌላ ሰው የለም፣ አሁን የውጪ ሰው ነው በወር አንዴ እየመጣ የሚሰራላቸው። ክፍልም የላቸውም፣ የሷን ቢሮ ቆልፈሽ ተጠቀሚ አለችኝ። ደሞዙ ደሞ ከትልቁ ያንሳል፣ ብዙ ባይባልም ያንሳል። ትላንት ኦፈር ልካልኛለች፣ ትልቆቹ ገና አልደወሉም። ልቤ ተገልብጧል ግን የሚተካኝ ሰው አለመኖሩ ፈራሁ፣ ነጭ ጋውን የጻፍሽው ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ነጭ ጋውን፦
ያ የውጪ ሰው አንቺ ከገባሽም በኋላ እንዲቀጥል ጠይቂያታ። በወር የሆነ ሰዓት ብቻ ይሁን፣ ፋይሎቹን እንዲያውቃቸው ያህል፣ አንቺ ከሌለሽ ወሩን መዝጋት እንዲችል። እሷም ብትሆን አንቺ ድንገት ብትለቂ ይጠቅማታል፣ በሱ በኩል ነው የምታስገቢላት።

የወር መዝጊያ፦
ልክ። በመጀመሪያው ወር ደሞ እያንዳንዱን ስራ እንዴት እንደሚሰራ እየጻፍሽ አስቀምጪ፣ የቱ ፋይል የት ነው፣ የቱ ሪፖርት በስንት ይላካል። አሰልቺ ነው አውቃለሁ ግን ልጅሽ ትኩሳት በያዛት ቀን ስልክ ላይ የምታወሪው አምስት ደቂቃ ብቻ ይሆናል።

የድሮ ኤችአር፦
የደሞዙን ልዩነት በሰዓት ጠይቂያት። መጨመር ካልቻለች በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ከቤት ወይ ነጻ ይሁን በያት፣ ትንሽ ቢሮ ገንዘብ ከሚሰጥሽ ሰዓት መስጠት ይቀለዋል። የሙከራ ጊዜውንም እዪው፣ ሰዓትሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ወይስ ሙከራው ካለቀ በኋላ ነው የሚሰራው? ብዙ ሰው እሱን ሳይጠይቅ ነው የሚፈርመው።

ሂሳቧ፦
የሙከራ ጊዜውን አላሰብኩትም ነበር። አሁኑኑ ኢሜይል ልጻፍላት፣ የውጪውን ሰውዬም አብሬ አነሳለሁ። ባሌም ማክሰኞና ሐሙስ ማን እንደሚወጣ ዛሬ ማታ ይጨርሳል 😄

ፊት ለፊት፦
ይጨርሳል ሳይሆን ይጽፋል በይው፣ ለሱም ኢሜይል አድርጊለት 😂